እራትና ዘፈን በዐዲስ አበባ ሆቴሎች፤ መልስ ስለሚቀበልና መልስ ስለማይቀበል ሙዚቃ የቀረበ ሂስ

በዐዲስ አበባ ሆቴሎች አዳራሽ ከእራት ጋር ስለሚቀርበው ሙዚቃ ሁለት ዐይነት አስተያየት ሲነገር ይሰማል። የመጀመሪያው፥ የሆቴል ሙዚቃ ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ስለ ሆነ የሕዝብን ባህል ለሚመረምር ሰው ቁም ነገር የለውም፤ ባህል የሚገኘው በገጠር፥ በሠርግ ዳስ፥ በማኅበር ቤትና በአዝማሪ እጅ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ፥ ዛሬ በትልልቅ ሆቴሎችና በባህል ምግብ ቤቶች «የባህል ምሽት» እየተባለ የሚዘጋጀው እራት የአባቶች ዘፈንና ጭፈራ ከመጥፋት የዳነበት መጠጊያ ነው ይላል። ሁለቱ አስተያየቶች በፍርዳቸው ይለያዩ እንጂ በሚዛናቸው አንድ ናቸው። ሁለቱም የሚመለከቱት መሣሪያውንና ልብሱን ነው፤ ሳክስፎን ያዩ እንደ ሆነ «የውጭ» ይላሉ፥ መሰንቆና ጥበብ ያዩ እንደ ሆነ «የራሳችን» ይላሉ።

ዳሩ ግን ሰው በሚበላበትና በሚጠጣበት ስፍራ የሚሰማ ሙዚቃ፥ ከመሣሪያው አስቀድሞ የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለው። ይኸውም በሚበላውና በሚጫወተው ሰው መካከል ያለው ግንኙነት ምንድር ነው የሚል ነው። ጋባዡ ማን ነው? ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ለዘፈኑ መልስ የሚሰጠውስ ማን ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዞ ከግብር አዳራሽ እስከ ሆቴል አዳራሽ ያለውን መንገድ የተከተለ ሰው፥ ባዕድ የተባለው አንዳንድ ጊዜ የቅርብ ዘመድ፥ የራስ የተባለውም አንዳንድ ጊዜ የሩቅ እንግዳ ሆኖ ያገኘዋል።

፩. ግብርና ጠጅ ቤት

መብልና ዘፈን አብረው መዋላቸው በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በአጤ ምኒልክ ዘመን በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ በግብር ቀን ብዙ ሺህ ሰው በየማዕርጉ ተራ በተራ እየገባ ይበላና ይጠጣ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ብርንዶው፥ ወጡና ጠጁ ሁሉ በሥርዓት ይታደል ነበር፤ አዝማሪውም መሰንቆውን ይዞ በመካከል ይገኝ ነበር። የግብር ምግብ በገንዘብ አይከፈልም፤ የሚከፈለው በታማኝነትና በአገልግሎት ነው። በላተኛው የበላውን ያህል ባለ ዕዳ ሆኖ ይወጣል። አዝማሪው ጋባዡን ያወድሳል፥ የጦረኛውን ሙያ ያነሣል፤ ጦረኛውም ነገሩ ልቡን ሲነካው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ይፎክራል፥ ይሸልላል። ዘፈኑ ከአዝማሪው አፍ ወጥቶ በዚያው የሚቀር ሳይሆን ሌላውን ሰው አስነሥቶ የሚያናግር ነበር ማለት ነው።

በጠጅ ቤት ይህ ነገር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጠጪው ብርሌውን እንደ ያዘ «ተቀበል» ይልና አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ስንኝ በዜማ አድርጎ ይመልሰዋል፤ ጠጪው ቤት የሚመታውን ሁለተኛ ስንኝ ይጨምራል፤ አዝማሪው እርሱንም ተቀብሎ ግጥሙን ይዘጋዋል። ስንኙ ብዙ ጊዜ በፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሌላ ጠጪ የተወረወረ ነገር ይሆናል። ያ ሰው ደግሞ በተራው «ተቀበል» ይላል። በዚህ አኳኋን አዝማሪው ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን የነገር አመላላሽ ይሆናል፤ ፊት ለፊት ቢነገር ጠብ የሚያስነሣው ቃል በመሰንቆ በኩል ሲያልፍ ሣቅ ይሆናል። ገንዘቡም በአዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጠፍ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የለጠፈው ሰው ስም ወዲያው በግጥም ይነሣል፥ የተሰጠውም በቃል ይመለሳል።

ይህን ሲባል ግን የጥንቱን ነገር ያለ ነቀፋ ማወደስ ትክክል አይሆንም። አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ሆኖ ሳለ፥ ሙያተኛው በሚያስቃቸው ሰዎች ዘንድ የተናቀ ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ስም ራሱ ለስድብ ሲውል ኖሯል። የቁርጥ ደመወዝ አልነበረውም፤ እንጀራው በሰጪው ደስታ ላይ የቆመ ስለ ነበረ፥ ውዳሴው የልቡ ይሁን የሆዱ መለየት ያስቸግራል። የመልስ ሙዚቃ ነበር፤ የነፃ ሰው ሙዚቃ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ሆቴሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው ይህን ጉድለት ይዞት ሳለ ነው፤ የሆቴሉን ሙዚቃ የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ ይህን ልብ ይሏል።

፪. ሆቴልና ደመወዝተኛው ሙዚቀኛ

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ በዐዲስ አበባ ሆቴል ሲያቋቁሙ፥ አዲስ የሆነው ነገር ሕንፃው ብቻ አልነበረም። እንጀራን ለእንግዳ በገንዘብ መሸጥ በብዙ ሰው ዘንድ ነውር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመኳንንቶቻቸው ጋር ገብተው በልተው፥ ሒሳብ ከፍለው ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ በቃል የሚተረከው ታሪክ፥ በዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፥ የዘመኑን አሳብ በትክክል ያሳያል። የጋባዥና የተጋባዥ ዝምድና የሻጭና የገዢ ዝምድና ለመሆን ጌታ የሆነ ሰው መካከል መግባት አስፈልጎታል። ሆቴል ማለት እንግዳ ሆኖ ባለ ዕዳ የማይሆኑበት ቤት ነው። ሒሳቡን የከፈለ ሰው ለማንም ውለታ የለበትም።

የሙዚቃው ለውጥ በሌላ መንገድ መጣ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 አርመናውያን የሙት ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ ዐዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት የነፋስ መሣሪያ ጓድ ሆኑ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተከታትለው ተደራጁ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። እስከዚህ ድረስ ዘመናዊው ሙዚቀኛ የመንግሥት ሰው ነበር፤ መሣሪያው የመንግሥት፥ ልብሱ የመንግሥት፥ የሚጫወትበትም ቀን በትእዛዝ የሚወሰን ነበር።

ይህን የለወጡት በአብዛኛው ሆቴሎችና የምሽት ቤቶች ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በራስ ሆቴል የተቋቋመው ባንድ፥ እነ ባህታ ገብረ ሕይወትና ግርማ በየነ የዘፈኑበት፥ ከመንግሥት ድርጅት ውጭ ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ዐምሓ እሸቴ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ባቋቋመበት ዓመት የሂልተን ሆቴልም በዐዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው አጋጣሚ ቢሆንም ቅሉ፥ የሚያመለክቱት አቅጣጫ አንድ ነው፤ ዘፈን ከሠራዊቱ ግቢ ወጥቶ ወደ ገበያ መግባቱን ነው።

ሆቴሉ ለሙዚቀኛው የሰጠው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ የታወቀ ደመወዝ ሰጠው፤ በዚህም ሙዚቀኛው ግንባሩን ለሽልማት ማቅረብ ቀረለት። ሁለተኛ የየሌሊት ሥራ ሰጠው። በሳምንት ብዙ ሌሊት፥ በአንድ መድረክ፥ ከነዚያው ጓደኞች ጋር የሚጫወት ሰው በልምምድ ብቻ ሊደርስበት ከማይችለው መስማማት ይደርሳል። ሦስተኛ ልዩ ልዩ ሰሚ ሰጠው፤ ዲፕሎማቱ፥ ነጋዴው፥ ተማሪውና አውሮፓዊው መንገደኛ በአንድ አዳራሽ ስለ ተቀመጡ፥ ባንዱ በአንድ ምሽት የአሜሪካን ሶል፥ የላቲን ዳንስና የትዝታን ቅኝት አከታትሎ መጫወት ግድ ሆነበት። የዚያ ዘመን ሙዚቃ ዛሬ በዓለም የሚደነቅበት የድምፅ ቅልቅል በአንድ ሊቅ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተፈለሰፈ አይደለም፤ በእራት ጠረጴዛዎች መካከል በየሌሊቱ የተፈተነ ነው።

የነፃነቱን ወሰን ማስታወስም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጊታሩ፥ ኦርጋኑና ከበሮው የሆቴሉ ወይም የምሽት ቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ባንዱ ሥራውን ሲለቅ እጁን አወናጭፎ ይወጣ ነበር። የዋልያስ ባንድ አባላት የራሳቸውን መሣሪያ መግዛታቸው እንደ ትልቅ ነገር የሚነገረው ስለዚህ ነው። አዝማሪው ድኻም ቢሆን መሰንቆው የራሱ ነበረች፤ የሆቴሉ ሙዚቀኛ ደመወዝ ሲያገኝ መሣሪያውን አጣ፥ መልሶ እስኪገዛውም ድረስ ዓመታት ፈጀበት።

፫. ቃል የሌለው ዜማ

በሆቴል እራት ምክንያት ከተፈጠሩት ነገሮች ሁሉ ለተመራማሪ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ዘፈን ማለት ከሁሉ በፊት ግጥም ነው። ሰሚው «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «እንዴት አዜመ?» ብሎ መጠየቁ ሁለተኛ ነው። ሰምና ወርቅን የለመደ ጆሮ ከዜማው ሥር ቃሉን ይፈልጋል። ሆቴሉ ግን በእራት ሰዓት ወሬ የማያቋርጥ፥ ማንኪያ የማያስቆም፥ ቋንቋውን የማያውቀውን እንግዳ የማያስጨንቅ ለስላሳ ሙዚቃ ፈለገ። በሂልተን ለብዙ ዓመታት የሠራው ዋልያስ ባንድ በምሽቱ መጀመሪያ በመሣሪያ ብቻ፥ በኋላም ዘፋኝ ይዞ ለዳንስ የሚጫወተው ከዚህ የተነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው የመሣሪያ ሙዚቃ ሸክላ ከዚህ የእራት ልማድ የበቀለ ፍሬ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህን ሥራ ለእንግዳ ጆሮ ሲባል አንደበቱ የተቆረጠ ዘፈን ነው ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ዘመኑን ማየት ይገባል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ግጥም በምርመራ የሚያልፍበት፥ አንድ ስንኝ ዘፋኙን ለእስር የሚዳርግበት ጊዜ ሆነ። በዚያን ጊዜ ቃል የሌለው ዜማ መጠጊያ ነበር። ደግሞም ቃል የለውም ማለት ለሁሉ ሰው የለውም ማለት አልነበረም። ዜማውን ከልጅነቱ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ሳክስፎኑ ሲጀምር ግጥሙን በልቡ ይሞላው ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው የውጭ አገር እንግዳ የሚሰማው ግን ዜማውን ብቻ ነው። በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ሰሙን፥ ሌላው ሰሙንም ወርቁንም ይዘው ይነሡ ነበር። ስለዚህ በጠጅ ቤት በድምፅ ይሰጥ የነበረው መልስ በሆቴል አዳራሽ በዝምታ ይሰጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የሰዓት እላፊው ሕግም ሌላ ያልታሰበ ነገር አመጣ። በሌሊት በከተማው መንገድ መሄድ ስለ ተከለከለ፥ በምሽት ቤትና በሆቴል አዳራሽ የገባ ሰው በሩ ከተዘጋበት በኋላ እስኪነጋ ድረስ እዚያው ይቆይ ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋ ነበር። ሰዎችን ከመንገድ ለማጥፋት የወጣ ትእዛዝ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ሌሊት የሚኖር ማኅበር ፈጠረ። በእንዲህ ያለ ሌሊት እንግዳ ማለት እራቱን በልቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ የሚወደውን ዘፈን የሚጠይቅ፥ የሚደንስ፥ ሲነጋጋ ከሙዚቀኛው ጋር ሻይ የሚጠጣ ሰው ነው። ሆቴሉም የቀረጻ ቤት ሆነ፤ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፥ ዳህላክ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በጊዮን ሆቴል ያስቀረጹት ዛሬ በሌላ ክፍለ ዓለም ታትሞ ይሰማል። እራት የበላው ሰው ሁሉ የረሳውን ሌሊት ክሩ አስታውሶታል።

የዚህ ታሪክ ጅራት ውጭ አገር መድረሱም የታወቀ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ከማህሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖሮ፥ የቀድሞ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ከታተመ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ። በዚያች ከተማ በ18ኛው ጎዳናና በዩ ጎዳና በተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች እንጀራውና ባንዱ በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘታቸው፥ የዐዲስ አበባ ሆቴል ልማድ ከሰዎቹ ጋር እንደ ተሰደደ ያሳያል። ልዩነቱ በዚያ እንግዳውም ሙዚቀኛውም ስደተኛ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህም ትዝታ በተዘፈነ ጊዜ መልስ የሚሰጥ ሰው አይታጣም።

፬. የባህል ምሽት

ዛሬ በሆቴሎችና በባህል ምግብ ቤቶች የሚታየው የእራት ዝግጅት ከዚህ የተለየ ነው። እንግዳው ሲገባ ጥበብ የለበሰች አስተናጋጅ በማስታጠቢያ እጁን ታስታጥበዋለች። መሬቱ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ በአንድ ጥግ ረከቦት ተዘርግቶ፥ ዕጣን እየጨሰ ቡና ይፈላል። ምግቡ በመሶብ ወይም በቡፌ ይቀርባል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን የጾሙ በያይነቱ ይበዛል። በመድረኩ ላይ ክራሩና መሰንቆው ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተያይዘው ከኪቦርድና ከከበሮ ጋር ይቀመጣሉ። ከዚያም ጭፈራው ተራ በተራ ይቀርባል፤ የጎጃምና የጎንደር እስክስታ፥ የትግርኛ፥ የጉራጌ፥ የወላይታ፥ የሐረርጌ ኦሮሞ ሸጎዬ፥ እያንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ። በመካከሉ ተጫዋቾቹ ወደ ኋላ ገብተው ልብስ ይለውጣሉ። ሰሚው የጉባኤ መልእክተኛ፥ አገር ጎብኚ፥ ልደት የሚያከብር ቤተ ሰብና ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ኢትዮጵያዊ ነው።

ይህ አቀራረብ ጥንታዊ መስሎ ይታያል እንጂ ቅርጹ የቅርብ ጊዜ ነው። ጭፈራዎችን ከየአካባቢያቸው አውጥቶ በአንድ መድረክ ላይ እንደ ኤግዚቢሽን አሰልፎ ማሳየት ከቴአትር ቤቶች ተጀምሮ፥ በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ተስፋፍቶ፥ በ1980 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገሮች በተላከው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለ ትርኢት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው። የእራቱ መድረክ የወረሰው ይህንን ነው። ስለዚህ በቅርጹ ከገጠሩ ሠርግ ይልቅ ለመንግሥት ሰልፍ የሚቀርብ ዝምድና አለው።

በዚህ ላይ ሦስት ነቀፋ ማቅረብ ይቻላል። የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው። ጭፈራ በተወለደበት ስፍራ ወራት አለው፤ የጉራጌ ጭፈራ ከመስቀል በዓል ጋር የተሳሰረ ነው፥ ሸጎዬም የወጣቶች የሌሊት መተያያ ነው። በጾም ወራት ከዘፈን መራቅም በክርስቲያኑ ዘንድ የቆየ ሥርዓት ነው። የእራቱ መድረክ ግን ወራት አያውቅም፤ በዐቢይ ጾም በጠረጴዛው ላይ ሽሮና ምስር ቀርቦ ሳለ፥ በመድረኩ ላይ የመስቀል ጭፈራ ይታያል። ምግቡ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሲሄድ ጭፈራው ብቻ ከቀን መቁጠሪያ ወጥቷል።

ሁለተኛው የመልስ ነገር ነው። ሸጎዬ ወንዶችና ሴቶች ልጆች እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ነው፤ በመድረክ ላይ ሁለቱም ወገን ፊቱን ወደ በላተኛው ያዞራል። መሰንቆውም ቢሆን በድምፅ ማጉያ ሲጮህ፥ ከጠረጴዛ ሆኖ «ተቀበል» የሚል ሰው ድምፁ አይሰማም። የድምፅ ማጉያ የአንድ ወገን መሣሪያ ነው፤ ከመድረክ ወደ ጠረጴዛ ያስተላልፋል፥ ከጠረጴዛ ወደ መድረክ አያስተላልፍም። አዝማሪው በጠረጴዛዎች መካከል በሚዞርበት ጊዜ እንኳ የእንግዳውን ስምና የመጣበትን አገር ጠይቆ፥ ለሁሉ የሚሆን የተዘጋጀ ውዳሴ ያቀርብለታል። ስሙን ለወጠ እንጂ ግጥሙን አልገጠመም። አዳራሹ የሣቀው በስንኙ ስለት ሳይሆን በአነባበቡ ይሆናል።

ሦስተኛው የዋጋ ነገር ነው። እንግዳው በመጨረሻ በሚደርሰው ወረቀት ላይ ምግቡና መጠጡ ተዘርዝሮ፥ የአገልግሎት ዋጋና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበት ያገኛል። ሙዚቃው ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በወጡና በቢራው ዋጋ ውስጥ ተሰውሯል። ዋጋው ያልተጻፈ ነገር ማንም ሳይጠይቅ የሚቀነስ ነገር ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ አስቀድሞ ከባንዱ ሰው ይቀነሳል እንጂ ከወጥ ቤቱ አይቀነስም።

በሌላ በኩል ለዚህ ዝግጅት የሚገባውን ክብር መንፈግ ፍርድ ማጣመም ይሆናል። ለብዙ ወጣት ተጫዋቾች፥ ክራር መቺዎችና አዝማሪዎች የወር ደመወዝ የሚገኘው እዚያ ነው። ከዚህም በቀር መልስ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ተጫዋቹ ከመድረኩ ወርዶ በእንግዳው ፊት ትከሻውን ሲያነቃ፥ እንግዳው ተነሥቶ ትከሻውን ይመልስለታል፤ ብሩንም በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። በተለይ ከውጭ አገር የመጣው ኢትዮጵያዊ፥ አማርኛው የተሰበረ ልጁ እንኳ፥ በቃል ሊሰጥ የማይችለውን መልስ በትከሻው ይሰጣል። በዚያች ደቂቃ ትርኢቱ ትርኢት መሆኑ ይቀራል። ከምሽቱ ሁሉ ይበልጥ የሚጠናው ይህ ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን አዘጋጆቹ እንደ ማሟሟቂያ፥ ተመራማሪዎቹም እንደ ቀልድ ያልፉታል።

፭. ቤቱ ሲጠፋ

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በአዳራሽ ላይ የቆመ ነው፤ አዳራሹ ከጠፋ ነገሩም አብሮ ይጠፋል። በጣይቱ ሆቴል ውስጥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው ጃዛምባ ላውንጅ ይህን ለማየት በቂ ምሳሌ ነው። በዚያ አዳራሽ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዓ.ም. ስማቸው የተጠራ አንጋፋ ዘፋኞች ከወጣት ሙዚቀኞች ጋር ሆነው፥ እራት ለሚበላና ለሚጠጣ ሰው ይዘፍኑ ነበር። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ ዘፈኖቹ በሸክላ ሲወጡ ያልተወለዱ ነበሩ፤ ግን ግጥሙን ከዘፋኙ ጋር ይሉት ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት ሰው እንጀራን በገንዘብ መግዛት ባፈረበት ቤት ውስጥ፥ የልጅ ልጆቹ የእራት ዋጋ ከፍለው የአያቶቻቸውን ዘፈን ተቀብለዋል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ ላይ የተነሣው እሳት ይህን አዳራሽ አጠፋው።

የጃዛምባ ጥቅም የሚታወቀው ከባህሉ ምሽት ጋር ሲተያይ ነው። በጃዛምባ መድረክ ላይ መሰንቆ ሳይሆን ፒያኖ፥ ጊታርና የነፋስ መሣሪያ ነበረ፤ ጥበብ የለበሰ ሳይሆን ኮት የለበሰ ሰው ነበር የሚዘፍነው። በመሣሪያና በልብስ ሚዛን ከተመዘነ «የውጭ» ነው። በመልስ ሚዛን ከተመዘነ ግን ከብዙ የባህል ምሽት ይልቅ ለጠጅ ቤቱ የቀረበ ነበር፤ ሰሚው የሚሰማውን ያውቅ ነበርና፥ ዘፋኙም ሰሚው እንደሚያውቅ ያውቅ ነበርና።

የካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የሰዓት እላፊው ቀርቶ አፍም ጥቂት በተፈታ ጊዜ፥ በዚያ ሰፈር ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ዝቅተኛ መቀመጫ ዘርግተው፥ አንድ መሰንቆ፥ አንድ ከበሮና አንዲት ዘፋኝ ይዘው ብዙ ቤቶች ተከፈቱ። ቦለል የተባለው የከተማ የተረብ ዘፈን የገነነው በእነዚህ ቤቶች ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለ ነበረ የድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ ማንም ተቀምጦ ስንኝ ቢወረውር ይሰማል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለከተማው መልሶ ግንባታ ፈረሰ። አዝማሪው ወደ ሌላ ስፍራ ሊሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ጠባቡን ክፍል ተሸክሞ አይሄድም። ከጠባብ ክፍል ወጥቶ ወደ ሆቴል አዳራሽ የሚገባው አዝማሪ የሚያገኘው ደመወዝና ማይክሮፎን ነው፤ የሚያጣውም ስንኝ የሚወረውርለትን ሰው ነው።

፮. መደምደሚያ

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተጠቀሱት ሁለት አስተያየቶች ስንመለስ፥ ሁለቱም እንደማይጸኑ ግልጽ ነው። የሆቴል ሙዚቃ ባዕድ ነው የሚለው አስተያየት፥ ሆቴሉ ሙዚቀኛውን ከልመና ወደ ደመወዝ፥ ከሠራዊት ግቢ ወደ ገበያ ያሻገረ፥ ቃል የሌለውንም ዜማ ያስለመደ ቤት መሆኑን ይረሳል። የባህል ምሽት ባህልን አዳነ የሚለው አስተያየት ደግሞ፥ ልብሱና ቅኝቱ ድኖ ተቀባይነቱ ሊሞት እንደሚችል ይዘነጋል። ስንኝ የሚሰጥ ሰው የሌለበት መሰንቆ እንጨትና ጭራ ነው፤ ግጥሙን በልቡ የሚሞላ ሰው ያለበት ሳክስፎን ግን የአገር መሣሪያ ለመሆን ተቃርቧል።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ሥራ ይከተላል። አንዱ የተመራማሪዎች ነው። አዝማሪን ለማጥናት ወደ ጎጃምና ወደ ጎንደር የሚሄድ ተማሪ ማታ ማታ በከተማው ሆቴል አዳራሽም መቀመጥ ይገባዋል። በጊዮን፥ በራስና በሂልተን የሠሩት ሙዚቀኞች ከፊሎቹ አርፈዋል፤ የቀሩትም አርጅተዋል። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፈረንሳይ በታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ ዜማዎቹ ከመጥፋት ድነዋል። ዜማው የተሰማበት አዳራሽ ሥርዓት ግን ገና በወግ አልተጻፈም፤ የቅጥሩ ውል ምን ይል ነበር፥ መሣሪያው የማን ነበር፥ በእራት ሰዓት ምን፥ ከእራት በኋላስ ምን ይጫወቱ ነበር፥ እንግዳው ምን ይጠይቅ ነበር፥ ጠረጴዛውስ ከመድረኩ በስንት ርቀት ይቀመጥ ነበር የሚለው ሁሉ የሚገኘው ከሰዎቹ አፍ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የአዳራሽ ባለቤቶች ነው፤ እርሱም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በምሽቱ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል የድምፅ ማጉያውን ዘግቶ አዝማሪውን ያለ ሽቦ በጠረጴዛዎች መካከል ማቆም፥ ስንኝ መስጠት የሚወድ እንግዳም እንዲሰጥ መጋበዝ፤ እያንዳንዱ ጭፈራ የማን፥ የትና በየትኛው ወራት የሚጨፈር መሆኑን በአጭሩ መናገር፤ የሙዚቀኛውንም ዋጋ ከወጡ ዋጋ ለይቶ በሒሳቡ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ዋጋው የታወቀ ሙዚቀኛ ሊከራከርበት የሚችል ነገር አለው። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ የሆቴሉ እራት ከግብሩ ያጣውን መልስ ያገኛል፤ ግብሩ ለአዝማሪው ያልሰጠውን ክብርም ይሰጣል።